ውሻ የተኛበት ደሴት

[ትንሽ የፎቶ ስቱዲዮ። ግድግዳው ላይ ግራጫ መጋረጃ ተዘርግቷል። ግራና ቀኝ ነጭ ጃንጥላ የደፉ መብራቶች ቆመዋል። ሙሽራው ሌላ መቀመጫ ስላላገኘ ደንበኞች የሚነሱበት በርጩማ ላይ ጉብ ብሏል፤ ለሠርጉ የታሰቡ የሦስት ደሴቶች ማስታወቂያ ይዞ መጥቷል። ፎቶ አንሺው የአክስቱ ልጅ ነው። ሰፈሩ “ሊቁ” እያለ ይቀልድበታል፤ እሱ ግን የምር አድርጎ ወስዶታል። አንዱን ወረቀት የሞተ አይጥ ይመስል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይዟል።]

ሊቁ፦ ውሻ ነው!

ሙሽራው፦ ተኝቷል እኮ።

ሊቁ፦ ቢተኛስ? የተኛ ውሻ ውሻ አይደለም?

ሙሽራው፦ ውሻስ ውሻ ነው። ማንንም አልነካም ለማለት ያህል ነው።

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሪዞርት እኮ ነው የምናየው! ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያገባበት ሪዞርት! እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ ሰማይ ይደረጋል፣ አሸዋ ይደረጋል፣ አንዲት ቆንጆ ባርኔጣዋን ይዛ ጀርባዋን ትሰጣለች። እነዚህ ምን አደረጉ? ውሻ አስተኙ!

ሙሽራው፦ የባለቤቱ ይሆናላ።

ሊቁ፦ የፈለገው ይሁን! አገጭህን ቀና አድርግ።

ሙሽራው፦ ልታነሳኝ ነው እንዴ?

ሊቁ፦ ማን ያነሳሃል! እዚያ በርጩማ ላይ አገጩን ጥሎ የተቀመጠ ሰው ሳይ ያመኛል። [አገጩን በጣቱ ገፋ ያደርግለታል] እንዲህ። አሁን አውራ።

ሙሽራው፦ [አገጩን እንደሰቀለ] የኔዋ ዛሬ ነገሩን ሳትቋጭ እንዳትመጣ ብላኛለች።

ሊቁ፦ ልክ ናት።

ሙሽራው፦ ሠርጉ እንደ ቀለበቱ ቀን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቅርብኝ ብላለች። የምሯን ነው። ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነው የነገረችኝ።

ሊቁ፦ አሁንም ልክ ናት! የዚያን ቀን አዳራሹ ጉድ ነበር እኮ። ያ መስኮት! ብርሃኑ ከኋላ እየመጣ ሁላችሁንም ከሰል አስመሰላችሁ። እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?

ሙሽራው፦ እሷ እንኳ ስለ መስኮቱ አላነሳችም።

ሊቁ፦ አታውቀውማ! ሰው ሲከፋው ምን እንደከፋው አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ብርሃን ነው። ከሰው ኀዘን ግማሹ የመጥፎ ብርሃን ነው።

ሙሽራው፦ እናቷም ያለቀሱት በብርሃኑ ነው?

ሊቁ፦ የቷ እናቷ?

ሙሽራው፦ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሱት።

ሊቁ፦ እ! እሷ! እሷማ ከመጋረጃው ጋር ተጣላችብኝ። ቀይ መጋረጃ፣ አረንጓዴ ቀሚስ። የትራፊክ መብራት አደረገችን እኮ! “እማማ፣ ከመሃል ውጡልኝ” አልኳት። በክብር።

ሙሽራው፦ የልጃቸው ቀለበት ነበር እኮ።

ሊቁ፦ ቢሆንስ? ፎቶው የኔ ነው።

ሙሽራው፦ እሱስ ነው። የእህቴ ሠርግ ላይም ኬኩን ደጋግመህ አስቆርጠሃት እንግዳው ፍርፋሪ በማንኪያ በላ።

ሊቁ፦ የመጨረሻውን ቆረጣ ግን አይተኸዋል? እጇ! የጣቷ አቀማመጥ!

ሙሽራው፦ ያን ጊዜማ ኬኩ አልቆ ነበር። ካርቶኑን ነው የቆረጠችው።

ሊቁ፦ ፎቶው ላይ ያስታውቃል?

ሙሽራው፦ አያስታውቅም።

ሊቁ፦ በቃ!

ሙሽራው፦ እሺ። ታዲያ ከነዚህ ከሦስቱ አብልጠህ የምትጠላት የትኛዋን ነው?

ሊቁ፦ የምጠላት? አያ ቀርፋፋ፣ ሰው የሚሻለውን ይጠይቃል እንጂ የሚጠላውን ይጠይቃል?

ሙሽራው፦ እንዳንሳሳት ብዬ ነው። የምትጠላት ከታወቀች ሌላው ቀላል ነው።

ሊቁ፦ አንተን እግዜር የፈጠረህ ቀትር ላይ መሆን አለበት፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት። ይቺን ነዋ! ባለ ውሻዋን! እያት እስቲ። የጀልባ መድረሻዋ ጠማማ እንጨት፤ ሆቴሏ አንድ ፎቅ። ፀሐይዋ ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ነው የምትገባው። ፀሐይ ስትጠልቅ የማይታይበት ደሴት ምን ሊያደርግ ደሴት ሆነ? አርፎ የብስ አይሆንም ነበር?

ሙሽራው፦ ሰዎቹ ግን ደስ ይላሉ። ይኼ አስተናጋጅ ሲስቅ እየው።

ሊቁ፦ ዓይኑን ጨፍኖ! ዓይኑ የተጨፈነ ሰው ፎቶ አሳትመው ያድላሉ! እኔ ብሆን አፍሬ አገር እለቅ ነበር።

ሙሽራው፦ በጣም ስቆ ነው።

ሊቁ፦ ፎቶ ላይ በጣም አይሳቅም።

ሙሽራው፦ ምን ያህል ነው የሚሳቀው?

ሊቁ፦ የላይኛውን ጥርስ ብቻ።

ሙሽራው፦ [ይሞክራል]

ሊቁ፦ ተው፣ ተው፣ ዝጋው። ፈረስ ሆንክ።

ሙሽራው፦ ስለዚህ ባለ ውሻዋን በጣም ነው የምትጠላት።

ሊቁ፦ እጠላታለሁ ሲያንሳት ነው! አሁን ወደ ቁም ነገር እንግባ። [ሁለተኛውን ወረቀት ያነሳል] ይቺ ደግሞ ያቺው ናት። ባሕር ላይ የተተከሉ ጎጆዎች፣ የመስታወት ወለል። በየፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው። ያላገባባት የለም። እዚያ ሄዶ ማግባት አውቶብስ ተራ ላይ ማግባት ማለት ነው።

ሙሽራው፦ ወለሉ መስታወት ከሆነ ዓሦቹ ከታች ሆነው ያዩናል ማለት ነው?

ሊቁ፦ ያዩሃል።

ሙሽራው፦ ልብስ ስንቀይርም?

ሊቁ፦ ዓሣ ፊቱን አያዞርልህም።

ሙሽራው፦ እማማ ደግሞ ሱሪ ለብሰው አያውቁም። ሁልጊዜ ቀሚስ ናቸው…

ሊቁ፦ ዓሣ ምን አገባው!

ሙሽራው፦ እኔ ዓሣውን አላማሁትም። እሳቸው ናቸው የሚሳቀቁት። ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጣታቸው ጫፍ ሲሄዱ ታየኝ።

ሊቁ፦ እንግዲህ ደሴት የምንመርጠው በዓሣ ጨዋነት ሆነ! ጣላት፣ ጣላት። [ወረቀቱን ወለሉ ላይ ይወረውረዋል፤ ሦስተኛውን ሲያነሳ ድምፁ ይለሰልሳል] ይቺ ግን… ኧረ ይቺስ! ደሴት ማለት ይቺ ናት። ነጭ ገደል። ከሥሩ ባሕር። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ!

ሙሽራው፦ ውሻም የለ።

ሊቁ፦ አሁን ገባህ!

ሙሽራው፦ ግን ሰው ከሌለ እኛ የት ነን?

ሊቁ፦ ሙሽራዋን ጫፉ ላይ አቆማታለሁ። ቬሎው ወደ ግራ፣ አበባው ወደ ቀኝ። ጎህ ሳይቀድ ነው መውጣት ያለባት። አቀበቱ ትንሽ ያንገዳግዳል። በባዶ እግሯ ትውጣ፤ ጫማ ለድንጋዩ አይሄድም።

ሙሽራው፦ ከፍታ ያዞራታል እኮ።

ሊቁ፦ እሰይ! የፈራ ሰው ዓይኑ ይገለጣል።

ሙሽራው፦ እኔስ የት ልቁም?

ሊቁ፦ አንተ አትቆምም። ድንጋይ ሥር ተኝተህ የቬሎውን ጫፍ ትይዛለህ። እንዳትታይ።

ሙሽራው፦ በሠርጌ ቀን?

ሊቁ፦ በሠርግህ ቀን ያልያዝክላትን መቼ ልትይዝላት ነው?

ሙሽራው፦ እውነትህን ነው። ቃል ኪዳኑንስ?

ሊቁ፦ እዚያው ተኝተህ ትገባለህ። ማን ከለከለህ?

ሙሽራው፦ ሽማግሌዎቹስ? ወላጆቻችንስ?

ሊቁ፦ ጀልባው ላይ ይጠብቁ። አጎትህ ደግሞ፣ ራሰ በራው፣ ባርኔጣ ያድርግ። ያለዚያ ሁለተኛ ፀሐይ ትወጣብኛለች።

ሙሽራው፦ ከጀልባው ሆነው ግን አይሰማቸውም።

ሊቁ፦ ፎቶ ድምፅ የለውም!

ሙሽራው፦ ቆይ እስቲ። አላዩንም፣ አልሰሙንም። ታዲያ መጋባታችንን በምን ያውቃሉ?

ሊቁ፦ በአልበሙ!

ሙሽራው፦ ዝናብ ቢመጣስ?

ሊቁ፦ አይመጣም። አገጭህ ወረደ።

ሙሽራው፦ [ያነሳል] ይቅርታ። አንተ ግን ባሕር አይተህ ታውቃለህ?

ሊቁ፦ ባሕርን ለማወቅ ማየት ያስፈልጋል? ውሃ ነው፤ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ አለቀ። ሄደው ያዩትማ ምን አመጡ? አሸዋ በጫማቸው! [ከመሳቢያ አዲስ የገለባ ባርኔጣ ያወጣል፤ በመስታወቱ እያየ ይደፋዋል]

ሙሽራው፦ ያምርብሃል። መቼ ገዛኸው?

ሊቁ፦ [ፈጥኖ ያወልቀዋል] ለሥራ ነው! ለፀሐዩ። አሁን ሂድና ንገራት፤ ሊቁ ባለ ገደሏን አለ በላት።

ሙሽራው፦ እኔማ እነግራታለሁ። ግን እሷ ባለ ውሻዋን ብትልስ?

ሊቁ፦ አትልም።

ሙሽራው፦ ብትልስ?

ሊቁ፦ ካለች ሌላ ፎቶ አንሺ ትፈልግ።

ሙሽራው፦ እንደ ዘመድስ ብትመጣ? ካሜራውን እዚህ ትተህ፣ ያቺን ባርኔጣህን አድርገህ፣ እንዲሁ ቁጭ ብለህ ብትጫወት?

ሊቁ፦ እኔ? ያለ ካሜራ? ከዚያ ውሻ ጎን ተንጋልዬ?

ሙሽራው፦ የምሬን ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ ያለ ካሜራ ብትመጣ ደስ ይለኛል። እሷንም እለምናታለሁ።

ሊቁ፦ እናቴ ትሙት እግሬ እዚያች ደሴት ላይ ቢያርፍ!

ሙሽራው፦ ኧረ እንዲህ አትማል! አክስቴ እኮ ናት!

ሊቁ፦ እናቴ ትሙት አልኩህ! ሊቁን በውሻ ደረጃ ያየ ሠርግ ሠርግ አይደለም!

ሙሽራው፦ [ስልኩን ከኪሱ ያወጣል] እንዳልክ። ግን በኋላ ዘመድ “የአክስቱን ልጅ ሳይጠራው፣ ናቀው” ሊል ነው። የምንታማው እኛ ነን።

ሊቁ፦ እኔን ማን ይንቀኛል? እኔ ናቅኋችሁ እንጂ! አምጣ ስልክህን።

ሙሽራው፦ ምን ልታደርግ?

ሊቁ፦ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ በገዛ ድምፄ ልናገራ!

ሙሽራው፦ [ስልኩን ያቀብለዋል፤ ግሩፑ ቀድሞ ተከፍቷል] ከፈለግህ እንግዲህ… ይቺን ተጭነህ ነው።

ሊቁ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] “ዘመዶቼ፣ ሊቁ ነኝ። ስሙኝ። እነዚህ ልጆች ውሻ የተኛበት ደሴት ሄደው የሚያገቡ ከሆነ እኔን አትጠብቁኝ። ጠርተውኛል፤ ለምነውኛል፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም በነሱ ላይ እንዳይቀየም። እናቴ ትሙት አልሄድም!” ሄደ?

ሙሽራው፦ ሄደ። “ጠርተውኛል፣ ለምነውኛል” ያልካት በጣም ጥሩ ናት።

ሊቁ፦ ንግግርም እንደ ፎቶ ነው። ማዕዘኑን ማወቅ ነው።

ሙሽራው፦ “ማንም እንዳይቀየም” ያልካትንስ እኔም አላሰብኳት።

[ስልኩ ይንጫጫል።]

ሊቁ፦ አየህ? ደነገጡ! ማን ነው? ምን አለ?

ሙሽራው፦ እናትህ ናት። [ያነባል] “ይኼ ልጅ በኔ ሞት መማሉን መቼ ነው የሚተወው? ለማንኛውም የዋና ልብሱ ልክ ሆኖልኛል። ያ ውሻም ስም ካልወጣለት እኔ አወጣለታለሁ።”

ሊቁ፦ የምን የዋና ልብስ?

ሙሽራው፦ ሰማያዊው። ለብሳ አሳይታናለች። አያስከፋም።

ሊቁ፦ እናቴ? የዋና ልብስ? የት ልትለብሰው?

ሙሽራው፦ ደሴቷ ላይ ነዋ።

ሊቁ፦ የትኛዋ ደሴት? ገና መች ተመረጠና!

ሙሽራው፦ [ከበርጩማው ይወርዳል፤ አገጩን እንደፈለገ ይተወዋል] ባለ ውሻዋ ከተያዘች ሰነባበተች እኮ፣ ሊቁ። ካንተ በቀር ሁሉም ያውቃል።

ሊቁ፦ ታዲያ ሌሎቹን ሁለት ወረቀቶች ምን ልታደርግ ተሸክመህ መጣህ?

ሙሽራው፦ አንዷን ብቻ ባሳይህ ትጠረጥር ነበር። ደግሞ የምትወዳት ነገር ከጎኗ ከሌለች እንዲህ አድርገህ አትጠላትም።

ሊቁ፦ ዛሬ ምረጥ ተብያለሁ አላልክም?

ሙሽራው፦ አላልኩም። ነገሩን ሳትቋጭ እንዳትመጣ ብላኛለች ነው ያልኩት። ነገሩ አንተ ነህ።

ሊቁ፦ እኔ?!

ሙሽራው፦ ካልጠራንህ ዘመድ ይነሳብናል። ከጠራንህ የኔዋ ቀለበቷን እንዳወለቀች ትቀራለች። እኔማ መላው ጠፍቶኝ ነበር። እሷ ናት “አትከልክለው፤ ማስታወቂያውን ብቻ አሳየው፤ ራሱ ይቀራል” ያለችኝ። እኔ ደግሞ አላምን ብዬ ተከራከርኳት። “የአክስቴን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ለውሻ ብሎ አይቀርብኝም” አልኳት። ለዚህ ነው ያለ ካሜራ ና ብዬ የለመንኩህ። የራሴ ልመና ነበር፤ እሷ አልላከችኝም።

ሊቁ፦ ቆይ… ቆይ። መሐላ እኮ ይፈታል!

ሙሽራው፦ ይፈታል። ግን እናትህ የመጀመሪያው ጀልባ ላይ ናት። አንተ እግርህን ስታሳርፍ እሷ ከነዋና ልብሷ ምን ልትሆን ነው? እኔ አክስቴን አልሰጥም።

ሊቁ፦ ኧረ ይሁን! ቅሩ ከፎቶው! ማን ሊያነሳችሁ ነው? ያ ዓይኑን የጨፈነው?

ሙሽራው፦ እማማ።

ሊቁ፦ አረንጓዴዋ? [በንቀት ይስቃል] እሷ ካሜራ መያዝ ከመቼ ወዲህ?

ሙሽራው፦ ከቀለበቱ ቀን ወዲህ። አንተ ከመሃላችን ስታወጣቸው መሄጃ አጥተው ካንተ ኋላ ቆሙ። እንባቸውን ጠርገው በስልካቸው አነሱን። እኛ ሳሎን የሰቀልነው የሳቸውን ነው።

ሊቁ፦ የኔስ?

ሙሽራው፦ ያንተ ላይ ሁላችንም የላይኛውን ጥርስ ብቻ ነን። የሳቸው ላይ የምር እንስቃለን።

ሊቁ፦ አትሳቁ ብያችሁ ነበር እኮ!

ሙሽራው፦ አዎ፣ እሱን ስትል ነው የሳቅነው። አንተም አለህበት። ጥግ ላይ፣ እጅህን ሰቅለህ ስትቆጣ፣ ግማሽ ጀርባህ። “ይኼ እንኳ ይቆረጥ” ብንላቸው እማማ እንቢ አሉ።

ሊቁ፦ ለምን?

ሙሽራው፦ “ዘመድ ነው፤ እንዴት ከፎቶ ይወጣል?” አሉ። [ባለ ውሻዋን ወረቀት በርጩማው ላይ ይተውለታል] በል፣ ደህና ሁን። ስመለስ አሳይሃለሁ። [ይወጣል]

[ሊቁ ወረቀቱን ከበርጩማው ላይ ያነሳል። በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ አገጩ ወርዷል። ባርኔጣውን ያነሳል፤ የዋጋ ወረቀቱ አሁንም ተንጠልጥሎበታል። ማስታወቂያውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ያያል።]

ሊቁ፦ እናቴ ትሄዳለች። አረንጓዴዋ ትሄዳለች። ራሰ በራው ያለ ባርኔጣ ይሄዳል። [ወረቀቱ ላይ ወዳለው ውሻ ጎንበስ ብሎ] አንተስ? አንተን ማን ጠራህ?